የወንዝ ማዶ መብራት

ሞሪካዙ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያወራው ስለ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቫኗ፣ ስለ ቫኗ፣ ከዚያም ስለ ቫኗ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሞተር ብስክሌት ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ሰው ድንገት ቤት ሲውል እንዲህ ነው፤ ወይ ሚስቱን ያስመርራል፣ ወይ መዶሻ ያነሳል። እሱ ሁለቱንም አደረገ። ትንሽ ነጭ ቫን ገዝቶ የኋላ ወንበሮቿን ነቀለ፣ በገዛ እጁ አልጋ ሠራላት፣ ጣሪያዋን በሳንቃ ለበጠ፣ መጋረጃውን ደግሞ ፉሳኤ እንድትሰፋ አዘዘ። ፉሳኤም እያጉረመረመች ሰፋች። አሁን የጎደለው ባትሪ ብቻ ነው፤ ያ እጀታ ያለው፣ ቤት ሞልተውት መንገድ ላይ መብራት የሚቀዱበት ትልቁ ባትሪ።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን ባትሪው ላይ ሲደርሱ ከአንድ ኩሬ እንኳ መቀዳት አቃታቸው። ሞሪካዙ የሩዝ መቀቀያ፣ የውሃ ማፍያ፣ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ፣ ማቀዝቀዣና፣ ለምን እንደሚያስፈልገው እንጃለት፣ የፀጉር ማድረቂያ አንድ ላይ የሚያሠራ ይፈልጋል። ፀጉር የለውም። ፉሳኤ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ባትሪው የአባቷን ቴፕ ያዙርላት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የላትም።

ስለዚህ በዚያ የታኅሣሥ ቅዳሜ ወደ ዕቃ መደብሩ ሲሄዱ፣ ያንን በሁለት ትልልቅ ጥቅል የሚዞር አሮጌ ቴፕ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር።

«ዕቃ ይዞ ወደ ዕቃ መደብር የሚሄድ አንቺን አየሁ» አለ ሞሪካዙ መሪውን እንደያዘ። «ሰርቀን የወጣን ነው የሚመስለው።»

«ይዘነው እኮ ነው የምንገባው። ሰርቆ የሚገባ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?»

«ይህን ለማዞር የእጅ ባትሪም ይበቃል።»

«እንግዲያው ሲያዞረው በዓይኔ ልየዋ። ሳላይ አላስገዛም።»

ሞሪካዙ ሳቀ። ለሚስቱ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አያውቅም፤ ነግራው አታውቅማ።

ፉሳኤ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ከምዕራብ፣ ከዋካያማ የዓሣ ወደብ ተነሥታ እዚህ ምሥራቅ፣ ፉጂ ከተማ፣ ወረቀት ፋብሪካ የገባችው። አባቷ የዓሣ ጨረታ ጠሪ ነበር፤ ድምፁ ቀጭን፣ ምላሱ ፈጣን፣ ከገዢዎቹ በቀር ማንም የማይከተለው ሰው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በገበያው ዕጣ ይህ ቴፕ ወጣለት። ደብዳቤ መጻፍ ስለማይወድ ደብዳቤውን ተናግሮ ቀዳና ከነቴፑ በመንደሪን ሳጥን አድርጎ ላከላት። ፉሳኤ በፋብሪካው ማደሪያ ሶኬት ላይ ሰክታ ከፈተችው። የወጣው ድምፅ የአባቷ አልመስላት አለ። ወፍራም ነው፣ ይጎተታል፣ እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ነው። ለአዲስ ዓመት አትምጪ፣ እኔ ደህና ነኝ ይላታል፤ ከመሐሉ ብዙው አይለይም፤ ደህና ነኝን ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ከዚያ አንድ ነገር ያጉተመትምና ረጅም ሳል ይስላል።

ታሟል፣ ደብቆኛል ብላ አሰበች። አሰበችና ግን አልሄደችም። የማደሪያው ልጆች በጥር አንድ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ፀሐይ ከተራራ ላይ ሊያዩ ተቀጣጥረው ነበር፤ እሱም ራሱ አትምጪ ብሏታል። በጥር ሃያ አባቷ ጨረታው መሐል ወድቆ ሞተ። እናቷ «ጉንፋን እንኳ አልያዘውም ነበር፣ ድንገት ነው» ብላ ስትምልላት፣ ፉሳኤ ልታጽናናት ብላ የምትዋሽ መሰላት። ሕመሙን በጆሮዋ ሰምታለቻ። ሰምታ ዝም ብላለች። ይህን ለእናቷም፣ ለወንድሟም፣ ለባሏም ሳትተነፍሰው ኖረች። ቴፑንም ከእጇ ሳታወጣ በየዓመቱ በጥር ሃያ ትከፍተዋለች፤ ከተጋቡ ወዲህ ሞሪካዙም አብሯት ይሰማል።

አሁን የአባቷ ሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ ሊደርስ ነው። ከዚህ ተዝካር በኋላ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጸሎት አይደረስም፤ ከቅድመ አያቶቹ ጋር ይቀላቀላል፣ አበቃ። የተወለደችበት ቤት ፈርሷል፤ ቦታው ላይ ሣር እንጂ ሶኬት የለም። ፉሳኤ እዚያ ሣር ላይ፣ አባቷ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ገምታ፣ ቴፑን ከፍታ ይቅርታ ልትጠይቀው ነው። ባትሪው የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው። ይህ ካለፈ ሌላ ቀጠሮ የለም።

መደብሩ ውስጥ የባትሪዎቹ መደርደሪያ ዘንድ ያገኙት ሻጭ ኢሺዋታ የሚባል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር የሚፈልግ፣ ሃምሳውን የዘለለ ሰው ነበር። እሱም ቅዳሜና እሑድ መኪና ውስጥ አዳሪ ነው፤ ቫን ሲባል ዓይኑ ይበራል።

«ለመሆኑ ምን ምኑን ሊያሠሩበት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሞሪካዙ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። ኢሺዋታ ዋቱን እየደመረ ወርዶ ወርዶ ፀጉር ማድረቂያው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ የሞሪካዙን ራስ አየና በጨዋነት ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ባትሪ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ግድብ ነው።»

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚሉት ለሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለች ፉሳኤ።

«አንቺ ደግሞ! የሞቀ ሩዝ ሳቀርብልሽ እናያለን።» ሞሪካዙ በነገር ተወግቶ ወደ ትልቁ ባትሪ ሄደ፣ እጀታውን ጨበጠ፣ ብድግ አደረገው። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ነገር ቋ ብሏል።

«ወገብህ ነው?»

«ጫማዬ ነው።»

«እሱን ለማንሳት ሌላ ጡረተኛ መጨመር አለብን። ያ መካከለኛው ይታየኝ፣ አቶ ኢሺዋታ። መጀመሪያ ግን ይህን ያዙርልኝ።»

ጨርቁን ፈታ ቴፑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ኢሺዋታ የሆነ ቅርስ እንዳየ ሰው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መሰኪያውን ለማሳያ በወጣው መካከለኛ ባትሪ ላይ ሰካው። ጥቅሎቹ ዞሩ። ያ ወፍራም ድምፅ ከቀለም ቆርቆሮና ከአትክልት ማጠጫው መሐል ተነሣ።

«ፉ...ሳ...ኤ...። ለአዲስ... ዓመት... አት...ምጪ...።»

ጋሪ ይገፋ የነበረ ሰውዬ ቆመ። ኢሺዋታ አንገቱን ሰበር አደረገ። «ጸሎት ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አማቴ ናቸው» አለ ሞሪካዙ። እሱም በየዓመቱ እንደሚያደርገው ክንዱን ከጎኑ ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰውየውን በሕይወት አላያቸውም፤ ከተጋቡ ወዲህ ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ የተጠራ ተማሪ ይሆናል።

«ደህና... ነኝ...። ደህና... ነኝ...። ደህና... ነኝ...።» ማጉተምተሙ መጣ፤ ሳሉም ተከተለ። ፉሳኤ የምትሰማው በሃምሳ ዓመት ውስጥ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ ሳሉን ግን ዛሬም እስከ መጨረሻው ሰማችው። አለማልቀሷን አረጋግጣ ማጥፊያውን ተጫነች።

«አዞረው። ይኸኛው ይሁን።»

ኢሺዋታ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ስንት ሰዓት እንደሚያዞርላት ሊያሰላላት ብሎ የቴፑን ጀርባ ገለበጠ። መነጽሩን ፈለገ፣ ግንባሩ ላይ አገኘው፣ አደረገው፣ የዛገችውን ምልክት አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«እማማ፣ ይህ ቴፕ ከየት ነው የተገዛው?»

«በዕጣ የወጣ ነው። ከዋካያማ።»

«የስድሳ ነዋ!»

ከፉጂ ወንዝ ወዲህ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይጠይቅም። ወንዙን ሲሻገሩ መብራቱ ሌላ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ፣ በምዕራብ፣ በሴኮንድ ስድሳ ጊዜ ይመታል፤ ወዲህ ሃምሳ። ሞሪካዙ ራሱ ሲያገባት ያዘዛት የመጀመሪያ ትእዛዝ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗን ዘመዶቿ ዘንድ እንድትተው ነበር፤ «የእናንተ አገር ማሽን የእኛን መብራት አያውቅም» ብሎ። ማሽን ይበላሻል እንጂ ድምፅ ይበላሻል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ቴፑ ሲሰኩት ዞረ፤ ከዞረ ማን ይጠረጥረዋል?

«ሞተሩ የሚሮጠው በመብራቱ ምት ነው» አለ ኢሺዋታ። «እዚህ ሲሰካ ከየስድስቱ እርምጃ አንዱ ይጎድለዋል። እስከ ዛሬ የሰሙት ተንቀርፍፎ ነው፤ ድምፁም ወርዶ ነው።»

«ታዲያ የእሳቸውን ድምፅ ለመስማት ወንዙን መሻገር ሊኖርብን ነው?» አለ ሞሪካዙ።

«የለም፣ የለም። ባትሪ ወንዝ አያውቅም።» ኢሺዋታ ከባትሪው ጎን አንዲት ቁልፍ ተጫነ። መስታወቱ ላይ ሃምሳ ይል የነበረው ብልጭ ብልጭ አለና ስድሳ ሆነ። «ይኸው። ከፈለጉ ከመጀመሪያው ላጫውትልዎ?»

«ቆይ» አለች ፉሳኤ።

እጇ ቴፑ ላይ ነበር፤ ከዚያ አላነሳችውም። ፈራች። ያንን የታመመ ድምፅ ብትጠላውም አብራው የኖረችው እሱን ነው፤ የሚመጣውን አታውቀውም። ሞሪካዙ አያት። ሊቀልድ ነበር፤ ቀልዱን ትቶ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ይሁን። ክፈተው» አለች።

«ፉሳኤ! ፉሳኤ፣ ትሰሚያለሽ? ይህ ነገር ይሠራል አሉኝ፣ ካልሠራም ነጻ ነው!»

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ይንደረደራል፣ ቃል በቃል ላይ ይረግጣል። ፉሳኤ አፏን በእጇ ያዘች። ረስታው ኖሯል። የአባቷን ድምፅ፣ ያንን መላው ወደብ የሚያውቀውን ድምፅ፣ ከጭንቅላቷ ውስጥ ወፍራሙ አጥፍቶት ኖሯል።

«ለአዲስ ዓመት አትምጪ፣ ባቡሩ ሰው በሰው ነው፣ እኔም ሥራ በሥራ ነኝ፤ በሚያዝያ ዓሣው ሲቀንስ እኔው እመጣለሁ፣ ተራራሽን አሳይኝ! ስለኔ አታስቢ። ደህና ነኝ! ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» ሦስቱም ጊዜ ድምፁ ከፍ እያለ፣ ዓሣ በአየር ላይ እንደያዘ ጨረታ ጠሪ እየወጣ እየወጣ ሄደና፣ ያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማጉተምተም የመሰላት ነገር ጥርት ብሎ መጣ፦ «ተሸጠ!»

ከዚያ ሳለ። ሳል ግን አልነበረም። በራሱ ቀልድ ትንፋሽ እስኪያጥረው እየሳቀ ነበር።

ጋሪ የያዘው ሰውዬ ምኑም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ኢሺዋታም ሳቀ። ፉሳኤ ከመደርደሪያው አጠገብ ለሽያጭ የቀረበች ታጣፊ ወንበር ላይ ዋጋዋን ሳትነቅል ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ትስቅ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» ሞሪካዙ ወገቡን ረስቶ ከፊቷ ተንበረከከ። «አንቺዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ደህና ነበር።»

«ማን?»

«አባቴ። ደህና ነበር፣ ሞሪካዙ። አልታመመም ነበር።»

እዚያው ወንበር ላይ ነገረችው። ማደሪያውን፣ ሰምታ ዝም ማለቷን፣ ተራራ ላይ ሆና ያየቻትን ያቺን የአዲስ ዓመት ፀሐይ፣ የእናቷን መሐላ አለማመኗን፣ ሁሉን። ኢሺዋታ ብልህ ሰው ነው፤ ለመስማት በማይችልበት ርቀት ሄዶ የተስተካከሉ ሚስማሮችን ማስተካከል ጀመረ። ሞሪካዙ ሰምቶ እስኪጨርስ አላቋረጣትም። በአርባ አምስት ዓመት ትዳር እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ብቻሽን?» አለ በመጨረሻ።

«ብቻዬን።»

እጇን ያዘ። ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረ እንጂ ሲጽፍ የኖረ ሰው አይደለም። ከዚያ ቴፑን ቀና ብሎ አየው።

«እኔስ? እኚህን ሰው አርባ አምስት ዓመት ስፈራቸው የኖርኩት በከንቱ ነው? አስቂኝ ሰው ናቸው እኮ!»

«አንተን ቢያገኝህ ኖሮ ራስህን ለጨረታ ያቀርበው ነበር።»

«ማን ይገዛዋል!» አለ ራሱን እየዳበሰ።

ፉሳኤ ፊቷን በቴፑ ጨርቅ ጠርጋ ተነሣች። መካከለኛውን ባትሪ ወሰዱ። ብርድ ልብሱን ያሞቃል፣ ውሃም ያፈላል፤ ሩዝ መቀቀያውን ግን ሌላው ጠፍቶ ለብቻው ነው የሚችለው። ፀጉር ማድረቂያውን ሞሪካዙ ከወረቀቱ ላይ በገዛ እጁ ሰረዘ። ኢሺዋታ ባትሪውን እስከ ቫኗ ተሸክሞ ጫነላቸውና አልጋዋን አይቶ «ግሩም እጅ ነው» ሲለው ሞሪካዙ የሁለት ሰው ያህል ቁመት ጨመረ።

መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶ ሲያስሩ ፉሳኤ፣ «በጥር ሃያ አንሄድም» አለች።

ሞሪካዙ ደነገጠ። «መታሰቢያውን ልትተዪው ነው?»

«ለመታሰቢያው እዚያው እንቆያለን። የምንሄደው ግን ለአዲስ ዓመት ነው።»

«ለአዲስ ዓመት? አንቺ፣ አገር ምድሩ መንገድ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው እኮ! አውራ ጎዳናው ይታነቃል። አንድ ቀን ሙሉ ነው የምንዘገየው።»

«እንዘግይ» አለች ፉሳኤ። «ሃምሳ ዓመት ጠብቆኛል። አንድ ቀን ብጨምርበት አይቆጣኝም።»