ሕይወት ያለው ዱቄት

ፈዬራ እንክብሉን በሁለት ጣቶቹ አላቀቀና ዱቄቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ገለበጠው። ጥቂት ብናኝ ተነሥታ በመስኮት በገባው የጠዋት ፀሐይ ውስጥ ስትንሳፈፍ ታየች። ግማሽ ማንኪያ ስኳር ጨመረበት፣ አማሰለው፣ ብርጭቆውን አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠ።

"አሁን ዝም ብለህ ተመልከት" አለ።

"መድኃኒት በስኳር ይፈተናል እንዴ?" አለ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠው ኢስሃቅ።

"እርሾ ነዋ! እርሾ ሳይሞከር ሊጥ ውስጥ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?"

ሁለቱ አዳማ ውስጥ በአንድ ዳቦ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ኢስሃቅ ያቦካል፣ ፈዬራ ይጋግራል። አዲስ ካርቶን እርሾ በመጣ ቁጥር ቆንጠር አድርገው በለብታ ውሃና በስኳር ይሞክሩታል። አረፋ ካላወጣ ሞቷል ማለት ነው፤ ወደመጣበት ይመለሳል። ነጋዴው ቢምል ቢገዘት አይሰሙትም ነበር።

ኢስሃቅ ከሥራ ከቀረ ስምንት ወሩ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሁለት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ ለእጥበቱ የገባለት ቱቦ ከአንገቱ ሥር ወጥቶ በነጭ ፋሻ ደረቱ ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ወር ሳንባውን አመመውና ጠንካራ አንቲባዮቲክ ወሰደ። ሳንባው ሲሻለው ሆዱ ተበላሸ። ይኸው አሥራ አንድ ቀኑ፣ የቀመሰው ሁሉ አይረጋለትም። ትናንት መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ወድቆ ባለቤቱ ሑስና ናት ያነሣችው። እንደ ላባ ቀሎኝ ደነገጥኩ ብላ ስትነግረው ነው ፈዬራ ዛሬ የራሱን እንክብል ይዞ የመጣው።

የሆድን ነገር ፈዬራም ያውቀዋል። ስኳር አለበት፤ ለእግሩ ቁስል በላይ በላዩ በወሰደው አንቲባዮቲክ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ ሆዱ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ነበር። ዳቦው እያረረ ወደ ሽንት ቤት የሮጠበትን ቀን ቁጥሩን እሱም አያውቀውም። በመጨረሻ ሐኪሙ ይህን እንክብል አዘዘለትና "ውስጡ በሕይወት ያለ እርሾ ነው" አለው። ፈዬራ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ እርሾ ሲያሸት ለኖረ ሰው እርሾ በሐኪም ይታዘዝለታል? በስድስተኛው ቀን ግን ሆዱ ጸጥ አለ። በአሥረኛው ቀን እንደ ሰው ተኝቶ አደረ፤ ሲነጋ ሚስቱን ቀስቅሶ ነገራት።

ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። የውሃው ፊት መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ከሥሩ አንዲት አረፋ ወጣች፣ ሌላም ተከተለቻት። ብዙም ሳይቆይ ብርጭቆው ነጭ አረፋ ለበሰ።

"ተነሣ!" አለ ኢስሃቅ በሹክሹክታ።

"ይኼ እኮ ደርቆ ተኝቶ ነበር" አለ ፈዬራ። "ባሕር ተሻግሮ፣ በመኪና ተጭኖ፣ በዚህ በእኛ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ከርሞ… ውሃ ሲያገኝ ነቃ። የፋርማሲዋ ከሪማ ስትነግረኝ የመጀመሪያው የተገኘው ሩቅ ምሥራቅ፣ ከፍራፍሬ ልጣጭ ላይ ነው። ከእኛው የዳቦ እርሾ ጋር ዘመዳሞች ናቸው አለችኝ።"

"ሱብሃነላህ! ስንት ኩንታል አቡክቻለሁ። ነፍስ ያለው ነገር ውስጥ እጄን እየነከርኩ መሆኔን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።"

"እኛማ እሳት ውስጥ ከተን እንጨርሰዋለን። ሆዴ ውስጥ ግን ከነነፍሱ ገባ።"

ሁለቱም እንደ ሕፃን ብርጭቆው ላይ አፈጠጡ። ኢስሃቅ አነሣው። ከንፈሩ ጋ ሲያደርስ ቆም አለ።

"በቀን ስንቴ ነው?"

"እኔ ሁለቴ ነው የምወስደው። ላንተ ግን…"

"ደውልና ጠይቃት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

ፈዬራ መድኃኒቱን የሚገዛበት ፋርማሲ ባለሙያ ለሆነችው ለከሪማ ደወለና ኢስሃቅም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"አካም ቡልቴ፣ ከሪማ? እንዴት አደርሽ?"

"ነጋ፣ ደኅና ነኝ ጋሽ ፈዬራ። ሆድዎ እንዴት ሆነ?"

"ሰላም ነው፣ ተመስገን። እንክብሉን ለኢስሃቅ ላካፍለው ብዬ ነው። በቀን ስንቴ ልስጠው?"

"ጋሽ ኢስሃቅ እጥበት የሚያደርጉት? ቱቦው አሁንም አንገታቸው ላይ ነው?"

"አዎ፣ እዚያው ነው።"

"እንዳይወስዱት! ጋሽ ፈዬራ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው እኮ። እርስዎ ሆድ ውስጥ ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። በቱቦው በኩል ደም ውስጥ ከገባ ግን እዚያም ይራባል፤ እንደሳቸው ለደከመ ሰው ሞት ሊያመጣ ይችላል። ዱቄቱ በእጅም በአየርም ቱቦው ላይ ሊያርፍ ስለሚችል እሳቸው ባሉበት ቤት እንክብሉ መከፈትም የለበትም።"

"ከፍቼዋለሁ" አለ ፈዬራ።

ከሪማ የሚደረገውን አንድ በአንድ ነገረችው። ብርጭቆው ይውጣ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ አንሶላው ይቀየር፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ቱቦውን ማንም አይንካው። ዛሬውኑ ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው የሆነውን ሁሉ ይናገሩ፤ ተቅማጡም ቢሆን ይህን ያህል ቀን ዝም ሊባል አይገባም ነበር።

ኢስሃቅ ብርጭቆውን አልለቀቀም።

"አንተን ያዳነህ እኔን ይገድለኛል?"

"ሰምተሃታል እኮ። ስጠኝ።"

"ፈዬራ፣ በዚህ በሆዴም እየሞትኩ ነው። እያየኸኝ!"

ፈዬራ የጓደኛውን ዓይን ማየት አቃተው። አረፋው አሁንም በዝግታ እየተንጫጫ ወደ ላይ ይወጣል፤ የማንም ጠላት አይደለም፣ የማንም ወዳጅ አይደለም፣ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ይኖራል። በዓይን የማይታይ ፍጡር እሱን ከሽንት ቤት በር አንሥቶ ወደ ሥራው መልሶት፣ ያው ራሱ ኢስሃቅን ሊቀብረው ይችላል። ፈራ። በዕድሜው እንዲህ የፈራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው።

"በሊሊሴ ሞት" አለ በሟች እናቱ ስም፤ "ስጠኝ።"

ኢስሃቅ ሰጠው። ፈዬራ ብርጭቆውን ይዞ ወጥቶ የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ደፋው፤ ከዚያ ግቢው ቧንቧ ሥር ቆሞ እስከ ክንዱ ድረስ በሳሙና ታጠበ፣ ደግሞም ታጠበ። ሑስና መስኮቱን ከፍታ አንሶላውን ስታነሣ ኢስሃቅ ከውስጥ ድምፁን አሰማ።

"ሃያ ሁለት ዓመት እናዘው ነበር ስንል፣ ለካ እሱ የሚታዘዝ ነገር አይደለም!"

እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ፈዬራ አልለየውም።

ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው ባጃጅ በር ላይ ቆመ። በእጥበት ቀን ሁልጊዜ ኢስሃቅን ብብቱን ይዞ የሚያወጣው፣ ከኋላ አብሮት ተቀምጦ ራሱን ትከሻው ላይ የሚያስደግፈው ፈዬራ ነው። ዛሬ ሑስና ደግፋ አወጣችው። ኢስሃቅ ከገባ በኋላ እንደ ልማዱ ጠጋ ብሎ ለጓደኛው ቦታ ለቀቀለትና መቀመጫውን መታ መታ አደረገ።

"ና እንጂ።"

ፈዬራ አንድ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ መልሶ መሬት አሳረፈው። ልብሱ ላይ ከዱቄቱ ምን ያህል እንዳረፈ አያውቅም።

"ሑስና፣ አንቺ ግቢ" አለ። "ራሱን ትከሻሽ ላይ አስደግፊው፤ መንገዱ ያንገጫግጫል።"

እሱ ከሾፌሩ ጎን፣ ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ ተቀመጠ።