አያ አንሙት የቆጠሯቸው ቀፎዎች

አያ አንሙት ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ «ኧረ ምን ቀፎ አለኝ ብለሽ ነው ልጄ፤ ሁለት ሦስት ብትሆን ነው» ሲሉ ዜማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እኔ ከፊታቸው ቆሜ በእጄ «ይጨምሩ፣ ይጨምሩ» እላቸዋለሁ። አዩኝና ፈገግ ብለው ጨመሩ።

«እሷም ብትሆን ባዶዋን ናት። ተመስገን ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ዜማ ማመልከቻው ላይ የሞላችው ቁጥር ሌላ ነዋ። ስንት እንደሆነ እኔም አልጽፈውም፣ እሳቸው አይወዱም። ብቻ ከጉንደ ወይን ወጣ ብሎ ካለው ጓሯቸው እስከ ወንዙ ድረስ፣ ግራር ላይ የተሰቀለው፣ አጥር ሥር የተደረደረው፣ ብዙ ነው።

ዜማ የእህታቸው ልጅ ናት። እኔ ደብረ ማርቆስ አብሬያት የተማርኩ ጓደኛዋ ነኝ። ተመርቃ ሥራ ስታጣ በስልኳ ነጠላ መሸጥ ጀምራ ነበር፣ 2010 ላይ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ የኢንተርኔት ገበያ ውስጥ ገብታ። ነጠላ ማንም ይሸጣል፤ ፎቶ አንስተህ መለጠፍ ነው። ምግብ የሚለውን ስትነካው ግን ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ትመጣለች። «ይህን ዘርፍ ለመሸጥ ፈቃድ ይጠይቁ» ይላል። ስኳር የተደባለቀበት ማር የሚልክ ሰው አስቸግሯቸው ነው አሉ የቆለፉት።

ነጠላው ደግሞ አልሄደም። የሁሉም ሰው ነጠላ አንድ ዓይነት ነው። የአያ አንሙት ነጭ ማር ግን የማንም አይደለም፣ አንዴ የቀመሰ ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ነገሩ ይሄ ነበር፦ ፈቃዱን ካገኘች እዚሁ አገሯ ትኖራለች፣ ካላገኘች አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ገብታ የተገኘውን ትሠራለች። ጓዟን ሁሉ ለይታ ጨርሳለች። የአያ አንሙት ልጆች ከሄዱ ቆይተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠይቃቸው እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ የማሩን ጠርሙስ ፎቶ ላክን፣ ጣለብን። ጠርሙሱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አውራ ጣቴ የምርት ቀኑ ላይ አርፎ ኖሯል። እሱን አስተካክለን ደግሞ የምርመራ ወረቀት አሉ። ባህር ዳር ድረስ ማሩን በፌስታል አንጠልጥላ ሄደች፣ አስመርምራ መጣች። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ሰልማ የምትባል የማጽደቂያ ክፍል ልጅ አምራቹን ራሱን በስልክ ልታናግር።

አያ አንሙት እንግዲህ ምን ይበሉ? እኛ አገር ቀፎ አይቆጠርም። ከብትም፣ ልጅም እንደዛው። «ስንት ልጅ አለዎት?» ሲሏቸው «የእግዜር እንግዶች አሉ» ነው የሚሉት። አለኝ ብሎ መናገር ዓይን መጥራት ነው። እሳቸው ጨዋ ሰው እንደሚመልሰው መለሱ፤ ለሰልማ ደግሞ ሁለት ሦስት ማለት ሁለት ሦስት ነው።

ወዲያው መልእክት ገባ። ማመልከቻውና አምራቹ ያሉት አይጣጣምም ይላል። አንድ የይግባኝ ዕድል ሰጡን፤ አምራቹ ራሱ መታወቂያውን ይዞ፣ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ ሳይቋረጥ በቪዲዮ ይቀረጽ። ካልሆነ ዘርፉ ለእሷ እስከ መጨረሻው ይዘጋል።

ዜማ ስትነግራቸው አያ አንሙት መጀመሪያ የቀለደች መሰላቸው። ከዛ እንቢ አሉ፤ ንብ ሲቆጥሯት ትሄዳለች አሉ። አባታቸውም ቆጥረው አያውቁም።

«አጎቴ፣ ንብ ቁጥር ታውቃለች እንዴ?» አለች ዜማ እየሳቀች።

«እሷ ባታውቅ ሰሚ አለ» አሉ። እሳቸው አልሳቁም።

ያኔ ነው ስለ አዲስ አበባው የነገረቻቸው። እስከዛ ቀን አልሰሙም ነበር። ከዛ ዱላቸውን አነሡ።

«ነይ እንግዲህ። ለንቦቹ ስል አንቺን አልሸኝም።»

መስከረም ነው፣ አደይ አበባው ጓሮውን ሸፍኖታል። እኔ ስልኬን ይዤ ከኋላ ከኋላ፣ እሳቸው እያንዳንዱን ቀፎ በዱላቸው ነካ እያደረጉ ይሄዳሉ። በለሆሳስ ነው የሚቆጥሩት። ዜማ «ጮክ ይበሉ፣ አይሰማም» ትላቸዋለች፤ አንዱን ጮክ ይሉና እንደገና ድምፃቸው ይወርዳል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ጎረቤታቸው አለበል ከስንዴው ማሳ «እንዴት አደሩ!» አላቸው። ሰላምታ አይታለፍም፤ ቆመው የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቀው ሲመለሱ ቁጥሩ ጠፋባቸው። ቪዲዮ መቁረጥ አይቻልም፤ ከመጀመሪያው ጀመርን። ያን ጊዜ እኔና ዜማ በሳቅ ነው የሞትነው። አሁን ሳስበው ሁለቴ አስቆጠርናቸው ማለት ነው።

ሲጨርሱ አማተቡ። «ይሄን ብዙ ሰው ያየዋል?» አሉኝ። አንዲት ልጅ ብቻ ናት አልኳቸው።

ጉንደ ወይን ላይ ኔትወርኩ ቪዲዮውን አልሸከም አለ። ደብረ ማርቆስ ሄደን፣ እዛም ተንቀርፍፎ ተንቀርፍፎ ሄደ። ጥቂት ቀን ጠበቅን። አንድ ጠዋት ዜማ በሬን ደበደበች፤ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው፣ የቁልፏ ሥዕል የለችም። ተከፍቷል! የዛኑ ዕለት ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አሳተመች፤ የአያ አንሙት ፎቶ ያለበት፣ ሥሩ «የአንሙት ነጭ ማር» የሚል። የመጀመሪያውን ለእሳቸው ልንሰጥ በነጋታው ሄድን።

ጓሮው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እኔ መጀመሪያ ምን እንደጎደለ አልገባኝም። ዜማ ናት የገባት፤ ድምፁ ነው። እዛ ጓሮ ገብተህ ያን ድምፅ አለመስማት አይቻልም ነበር። ቀፎዎቹ አፍ ላይ የሞተ ንብ ተከምሯል፤ የቀረው ጥሎ ሄዷል። ወንዙ ዳር ያሉት ጥቂቶቹ ብቻ እንደነገሩ እም ይላሉ።

«ተሳካልሽ?» አሏት።

«ተሳካ፣ አጎቴ።»

«ተመስገን።» ወረቀቱን ተቀብለው ፎቷቸውን አዩ። ከዛ ወደ አጥሩ በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ቀፎዎቹ እንዳሉ ናቸው። ቁጥራቸው አልጎደለም» አሉ።

ቢቆጡ ይሻል ነበር።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየ። አለበል ስንዴው ዋግ መታው ብሎ በቀትር መድኃኒት ረጭቷል፣ ንቦቹ አበባ ላይ እያሉ። ሌላ ጊዜ ቀድሞ ይነግራቸውና ቀፎውን ይሸፍኑ ነበር፤ ያን ቀን ለከተማ ጉዳይ ተቻኩሎ አልነገራቸውም። አለበል ራሱ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ «ተነሥ፣ አንተ ምን አደረግህ» ብለው አነሡት። መርዙ መሆኑን ለዜማ አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ። አውቃለሁ ትለኛለች። «መርዝ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እሳቸው አያውቁም፤ ለእኔ ብለው የሸጧቸው ነው የሚመስላቸው።»

ከሁሉ የባሰው ሰልማ የደወለች ቀን ነው። እንኳን ደስ አለሽ ልትል ነው የደወለችው፣ ደግ ልጅ ናት። ዜማ ዝም ብላ ጠየቀቻት፤ ከመጀመሪያውም ሁለት ሦስት ቀፎ ብዬ ሞልቼ ቢሆን ኖሮስ?

«ይጸድቅልሽ ነበር» አለቻት። «ብዛት አንጠይቅም'ኮ። የእናንተ ቃልና የእሳቸው ቃል አንድ ይሁን ነው ያልነው።»

ዜማ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ያን ትልቅ ቁጥር የጻፈችው ትንሽ ነው ብለው እንዳይንቁን ብላ ነው። አጎቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቃ፣ ተደብቃ ራሷ ቆጥራ። «በእሳቸው ቃል ብሄድ ኖሮ» አለችኝ። «እሳቸው የተናገሩትን ብቻ ብጽፍ ኖሮ።» ከዛ በኋላ ስንት ጊዜ ይህቺን እንደምትል።

ይኸው አሁን ደግሞ ትእዛዝ መጣ። የመጀመሪያው፣ ከሐዋሳ። በሳምንት ውስጥ ካልተላከ ዘርፉ ተመልሶ ይቆለፋል፣ ሁለተኛ አይከፈትም። አያ አንሙት ጋ የተረፈ ማር የለም፤ የባለፈው ዓመቱ ተሽጦ የቀረውም ለምርመራና ለፎቶ አልቋል፣ የዘንድሮው ደግሞ ገና ሳይደርስ ነው ንቡ ያለቀው። ጉንደ ወይን ማር ነጋዴው ያሕያ ጋ ሄደን ነበር። ማሩ ጥሩ ነው፣ ስኳር የለበትም፣ እሱም የታወቀ ሰው ነው። ዜማ የምትለጥፈውን ወረቀት ሲያይ ግን እንዲህ አላት፦ «እኅቴ፣ ማሬ ንጹሕ ነው፣ ውሰጂ። ግን የእሳቸው አይደለም። ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ማሩን ሳትገዛ ወጣች፣ ግን አልገዛም ብላም አልጨረሰችም። እውነቱን ለሰልማ ብትጽፍ ዘርፉ ይዘጋል፣ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ሽማግሌው ያን ሁሉ የቆጠሩት ለባዶ ሆነ ማለት ነው። የያሕያን ማር ብትልክ ደግሞ በእሳቸው ፎቶ የሰው ማር ልትሸጥ ነው፤ እሳቸው ግን ትቀርላቸዋለች። አያ አንሙትን እንጠይቅ ብላት «ከእንግዲህ ለእኔ ብለው ምንም አይወስኑም» አለች። ወረቀቶቹ እኔ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አያ አንሙት ከፎቷቸው ሆነው ያዩኛል።

እኔ ምን ልበላት? እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?