ምጡ እንዲቀልላት

ሳሊሀ ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ ገበያ ውስጥ አቮካዶ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ደንበኛዋን ያለ ምራቂ አትሸኝም፤ እጇ ሰፊ ነው። የገዛ ልጇን ፈድሊያን ግን፣ የመጀመሪያዋን ያረገዘች ጊዜ፣ አንዲት ፍሬ አላስነካቻትም።

ምክንያት ነበራት። ትልቋ ልጇ ነኢማ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ፣ ልጁ ትልቅ ሆኖ አልወጣ ብሎ፣ ወደ ጅማ ስትወሰድ መንገድ ላይ አልፋለች። በሰፈሩ ደግሞ ነፍሰ ጡር ወተትና አቮካዶ ካበዛች ፅንሱ ይገዝፋል ሲባል ያልሰማ የለም። ሳሊሀ ሁለተኛ ልጅ ላለመቅበር የፈድሊያን ሳህን መጠበቅ ያዘች። ጠዋት ግማሽ እንጀራ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ፤ ወተትማ በደጇም አያልፍ። ፈድሊያ እንደሆነ እናቷን እምቢ ማለት አታውቅም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሂንድ ቤት ድረስ መጥታ ነበር።

"ስድስተኛ ወሯን ይዛ የጨመረችው ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ኧረ ትብላ፣ ለልጁም አይበጅም።"

"ሂንድ ልጄ፣ አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት ሳሊሀ እየሳቀች።

ሂንድ አልወለደችም ነበርና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

የፈድሊያ ልጅ ኢሕሳን በሦስት ሰዓት ምጥ ዱብ አለች፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም። ከዚያ ወዲያ ሳሊሀን ማን ይቻላት። ያረገዘች ሴት ባየች ቁጥር ጎትታ ታስቀምጥና የልጇን አወላለድ ታወራላታለች፤ ከጉድ አወጣኋት፣ አልሃምዱሊላህ፣ ትላለች።

አሁን ኢሕሳን ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሚያያት ግን ከአራት አያሳልፋትም። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ሳንባ ምች ይዟት ጅማ ሆስፒታል ተኝታለች። ወጣቱ ሐኪም ስትወለድ ስንት ኪሎ እንደነበረች፣ ፈድሊያም በእርግዝናዋ ስንት እንደጨመረች ጠየቀ።

"እሷ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላችም፤ እኔ የጨመርኩት አራት ነው" አለች ፈድሊያ።

"ይሄ ከሳንባዋ ጋር ምን አገናኘው?" አለች ሳሊሀ።

"እናቴ፣ የልጅ ሳንባ መሠራት የሚጀምረው እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። እናት ካልበላች በምን ይሠራል? ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው አልልዎትም፤ አንዱ ግን ይሄ ነው።"

"አሁን ብናበላትስ?"

"ያግዛታል፣ ትብላ። ያኔ የጎደለውን ሁሉ ግን መመለስ አንችልም።"

ሳሊሀ ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን ጥፋቱ የሷ መሆኑን አወቀች፤ ከሷ በቀር የምታማርረው ሰው አልነበረም።

ፈድሊያ ዳግመኛ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሳሊሀ እየሮጠች ወጥታ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት እንቁላል ፍርፍር በዳቦ አስጠቅልላ መጣች። ፈድሊያ ሁለቴ ጎርሳ ገፋችው።

"ማሎ ልጄ፣ እለምንሻለሁ፣ ብዪ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያስ?"

"አልችልም እማዬ። በጎረስኩ ቁጥር ነኢማ ትታየኛለች።" ፈድሊያ የተኛችውን ልጇን አየች። "ኢሕሳን ትታመማለች፣ ግን አለች። እኔም አለሁ።"

ሳሊሀ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ስታወራ የኖረችው ይህንኑ ነው። ዳቦውን ቆርሳ፣ እንቁላል ጨምራ፣ ወደ ልጇ አፍ ዘረጋች። ፈድሊያ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።