ያልገጠመው ስንጥቅ

ባስልዮስ ሊንደን ሰፈር ካለው ቤቱ፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠው ላፕቶፑን ከፍቶ ካርታውን ሲያይ ደሙ ፈላ። የወሎን ተራሮች ካርታ ሦስት ሰዎች በሦስት አገር ሆነው ነው የሚሠሩት። ሰሜኑን ግማሽ እሱ ባሕር ማዶ ኮሎምበስ ከተማ ሆኖ ከሳተላይት ምስል፣ ደቡቡን የድሮ የጂኦሎጂ መምህሩ ጋሼ ጎሳዬ በእግራቸው ዞረው፤ ሁለቱን የምታጋጥመው ደግሞ ጀርመናዊቷ አንከ ናት። ትልቁ የመሬት ስንጥቅ ከአንዱ ግማሽ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ማለፍ ነበረበት። ባለፈው ሳምንት ግን አልገጠመም። የባስልዮስ መስመር ሜዳው ላይ፣ የጋሼ ጎሳዬ ከኮረብታው ጀርባ ወጣ። ወረዳው ደግሞ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሁለት ቦታ ይዞ ይጠብቃል፤ ሜዳውን ወይም የኮረብታውን ጀርባ፣ ስንጥቁ ያልነካውን።

ባስልዮስ በራሱ መስመር እርግጠኛ ነበር። ግን መዶሻ አያያዝ ያስተማሩትን ሰው በምን አፉ ፈረንጅ ፊት ተሳስተዋል ይበል? ድምፁን አጥፍቶ የራሱን መስመር ወደ እሳቸው መስመር አዛወረ።

ለካ እሳቸውም የራሳቸውን ወደ እሱ አዛውረዋል። ዛሬም አልገጠመም። በር ላይ “ይለፉ”፣ “ኧረ አንተ እለፍ” እንደሚባባሉ ሰዎች ሁለቱም ደጅ ቀሩ።

“ኮል አድርግና ንገራቸው” አለች ሚስቱ ቤተልሔም ጃኬቷን እየለበሰች። “ልጆች ናቸው እኮ የሚማሩበት።”

ተናደደ፤ እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደደው። ደወለ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስንጥቁ ሜዳው ላይ ነው። በደንብ ይታያል።”

“ታዲያ ለምን አዛወርከው?”

“እርስዎን ላለማስቀየም ነዋ። እርስዎስ?”

ጋሼ ጎሳዬ ተነፈሱ። “አንተን እዚያ ሰዎችህ ፊት ላለማሳነስ። እኔ ግን ከኮረብታው ጀርባ ክንዴን እስከ ክርኔ ያስገባሁበት ስንጥቅ አለ።”

ባስልዮስ ምስሉን አጉልቶ ወደ ሰሜን ተከተለው። ስንጥቁ ከኮረብታው በስተሰሜን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ ወደ ሜዳው፣ ሌላው ወደ ኮረብታው ጀርባ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ለመከባበር ሲሉ ሁለቱም እውነተኛ ስንጥቅ ደምስሰዋል። ሁለቱንም መስመሮች ሣላቸው። ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ቦታ አልቀረም።

“ለወረዳው ማን ይንገራቸው?” አሉ ጋሼ ጎሳዬ።

ባስልዮስ “እርስዎ ይቅደሙ” ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

“እኔ እነግራቸዋለሁ” አለ።