የጎርፉ ጠርሙስ

«ሁሉንም አጥቤ አዲስ አስመስያቸዋለሁ!» አለች እታለም፣ የኩሽናው በር ላይ ቆማ እጇን እየጠራረገች። «ይሄ ሁሉ ለቀስተኛ ውሃ ቢጠማው በምን ልንሰጠው ነው? መስኮቱ ላይ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ጭቃ ብቻ!»

ሰዓት ሠሪው ከወንበሩ ተነሣ። የሟች ሚስቱ ጠርሙሶች ታጥበው መስኮቱ ላይ ተደፍተው ያብረቀርቃሉ።

«ያለፈው ሳምንት ጎርፍስ?»

«የምን ጎርፍ?»

«ጥጉ ላይ የነበረው ጠርሙስ ውስጥ ያለው።»

እታለም የሟች ታላቅ እህት ናት። ጠርሙሶቹን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ጉንጯን ያዘች። «ውይ በሞትኩት! ጎርፉን ደፋሁት እንዴ?»

ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ሳቁ አምልጦት ቡናው ትን አለው።

ሟቿ ዝናብ ሲጥል ከቤት የምትወጣ ሴት ነበረች። ሰው ወደ ጣራ ሲሮጥ እሷ ጠርሙስ በገመድ አስራ ወደ ድልድዩ። ሥራዋ የወንዙን ተፋሰስ በኮምፒውተር መሥራት ነበር፤ ከጣለው ዝናብ ምን ያህሉ በተዳፋቱ ወርዶ ወንዝ እንደሚገባ፣ ከየማሳው ምን ያህል አፈር ጠርጎ እንደሚሄድ የሚያሰላ ሞዴል። ሞዴሉ እውነት መናገሩ የሚታወቀው ግን ከወንዙ ከራሱ ጋር ሲመሳከር ነው። ለዚህ ነበር ጎርፉን በጠርሙስ የምትቀዳው፣ አፈሩ ዘቅጦ እንዲመዘን።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ከሰዓት ውስጥ አቧራ ስለቅም እውላለሁ፣ አንቺ ጭቃ በጠርሙስ ታመጪልኛለሽ» ይላት ነበር። ድፍርሴ ነበር የሚላት። ጠዋት ከጠርሙሶቹ ኋላ ያለውን የስኳር ጣሳ ሊያነሳ እጁን ሲሰድ፣ ከመኝታ ቤት ትጮኻለች፦ «አትነቅንቀው! እየዘቀጠ ነው!» እንዴት እንደምታውቅበት አንድ ቀንም አልገባውም።

የሥራ ባልደረባዋ፣ ባለመነጽሯ ልጅ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ የቀሩት ተመዝነዋል፣ ግድ የለም። የሚያስፈልገን ያ አንዱ ነበር። ሞዴሏ፣ ወንዙ መሙላት ሲጀምር አፈሩ ከሁሉ ጊዜ ይበዛል ይላል። መሥሪያ ቤት ደግሞ ተጋነነ አሏት። ገና እየሞላ ሳለ የተቀዳው እሱ ብቻ ነው።»

«ሌላ አይቀዳም?»

«ክረምቱ እየወጣ ነው። ለከርሞ ካልሆነ። እስከዚያ ሥራዋ ግምት ተብሎ መቀመጡ ነው።»

ግምት! ቀጠሮ ላይ እንኳ «ገደማ» ሲሏት የምትቆጣ ሴት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ለቀስተኞቹ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። የመጀመሪያው ዶፍ ቆርቆሮውን ሲመታው ሰዓት ሠሪው አንድ ጠርሙስና ገመዷን ነጥቆ ወጣ።

«ወዴት ነው?» ጮኸች እታለም።

«ወንዙ ጋ!»

ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲል ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል? «ያዙት!» ተባለ። ዳቦ ጋጋሪው ቀደመ፣ እታለም ጃንጥላዋ ተገልብጦ ተከተለች፣ ለቅሶ ቤቱ እንዳለ ወደ ድልድዩ ተመመ። ሰዓት ሠሪው የድልድዩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ደረሱበት፣ ዳቦ ጋጋሪው ቀበቶውን ጨመደደው።

«ተው የኔ ወንድም! እኛ አለንልህ!»

«ልቀቀኝ፣ ውሃ ልቀዳ ነው!»

ባለመነጽሯ እያለከለከች ደረሰች። የድልድዩ ምሰሶ ላይ የተሰመረውን መለኪያ አየት አደረገች። «ገና እየጨመረ ነው! ያዙት እንጂ አይጎትቱት! ጠርሙሱ አልሞላም!»

ዳቦ ጋጋሪው ግራ ቢገባውም ያዘ። ሌሎቹም ዳቦ ጋጋሪውን ያዙ። ገመዱ ሲሰበሰብ ጠርሙሱ ጥቅጥቅ ባለ ቡናማ ውሃ ጢም ብሎ ወጣ።

«እሰይ! እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው!» አለች እታለም፣ እንደ አራስ ልጅ ተቀብላ። መጀመሪያ የሳቀው ሰዓት ሠሪው ራሱ ነው። ከዚያ ሁሉም፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያልተሳቀውን ሁሉ ድልድዩ ላይ ሳቁት።

«እስኪዘቅጥ ቤት ይደር» አለች ባለመነጽሯ። «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ጠዋት ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ነበር። ውሃው ከላይ መጥራት ጀምሯል፤ ከታች ያለው አፈር ወፍራም ነው። ሰዓት ሠሪው ሻዩን ቀድቶ ከጠርሙሱ ኋላ ወዳለው ስኳር እጁን ሰደደ። መንገድ ላይ እጁ ቆመ፣ ተመለሰም።

እታለም ሻዩን ሲጠጣ ፊቱን አይታ፣ «ምነው፣ ስኳር አለቀ እንዴ?» አለችው።

«አለ» አላት። «እየዘቀጠ ነው፣ እንዳትነቀንቂው።»

መራራውን ሻይ እስከ ታች ጠጣው።