ጥገናዊው ጊታር

ጣውንት ነበረችብኝ። አንገቷ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ድምፅዋ ወፍራም። ባሌ ኃይለኪሮስ ከውጭ ሲገባ እኔን እንዴት ዋልሽ ከማለቱ በፊት እሷን በፎጣ ይወለውላት ነበር። ፎጣው ደግሞ የእኔ ነው። ሰው ብትሆን ኖሮ ፀጉሯን ይዤ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ድረስ እጎትታት ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጊታር ናት። ለዚያውም ባለአራት ክር፣ ሙዚቀኞች ቤዝ የሚሏት፣ ከዘፈኑ ሥር ሆና ዱም ዱም የምትል ዓይነት።

ቤዝ መሆኗን እንኳ በቻልኩት። የተሠራችበት እንጨት ነው ያንገበገበኝ። አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ ባለ ሁለት በር የዋንዛ ቁም ሣጥን ነበረኝ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አንደኛው በር የለም፤ ልብሶቼ ለመንገደኛ ዓይን ሁሉ ተጋልጠዋል። ኃይለኪሮስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ በሩን በመጋዝ ወገብ እያወጣለት ነው። ምነው በጤናህ ብለው፣ ዋንዛ ድምፅ ይይዛል አለኝ። የእኔን ድምፅ ማን እንደሚይዝልኝ ግን አላሰበበትም። ቁም ሣጥኑ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩበትና ኑሮ ቀጠለ።

ሥራው ይኸው ነበር። አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ፈረንጆቹ ዕቃቸውን እየሸጡ ሲሄዱ፣ ሌላው ሰው በፍሪጅና በሶፋ ሲራኮት፣ የእኔ ጀግና በቦሌ መንገድ ቪላ ለቪላ እየዞረ የተሰበረ ቤዝ ጊታር ይፈልጋል። የአንዱን አንገት ለሌላው ገላ ይገጥማል፤ ድምፅ አልስብ ያለውን ማግኔት ፈትቶ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ እንደገና ይጠመጥማል፤ ቀለም ይቀባል፣ ለሆቴል ባንዶች ይሸጣል። ከገዛው ሰው ጋር አብሮ መንገድ ድረስ ይሸኘዋል፤ ሰውየውን ሳይሆን ጊታሩን ነው የሚሸኘው። እሱም ራሱ ቦሌ መንገድ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወት ነበር፣ በእሷው፣ በቁም ሣጥኔ በር። ስንት ሰው ጠየቀው፤ እሷን ግን አይሸጥም። እኔን ቢጠይቁት ኖሮ የሚያስብበት ይመስለኛል።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲቃረብ ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ፣ እኛም በስብሰባ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ ይባል ነበር። ክፉ ነበር ብል ሐሜት ይሆንብኛል፣ ደግ ነበር ብል ውሸት። መቁጠር የሚወድ ሰው ነበር። በኅብረት ሱቅ ሳሙና ይቆጥራል፣ በስብሰባ ጭንቅላት ይቆጥራል፣ ሰው ቤት ሲገባ አልጋ ይቆጥራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ እኛ ቤት ገባ። የቀበሌው ኪነት ቡድን ጊታር እንደሚያስፈልገው፣ እኛ ዘንድ ጊታር እንዳለም ሕዝቡ መጠቆሙን ነገረን። ሕዝቡ ማለት ጎረቤቴ ውባንቺ ናት፤ ዱም ዱሙ እንቅልፍ ነስቷት ነበርና አልፈርድባትም።

ጉግሳ ቤዟን ጭኑ ላይ አጋደማት። እስክሪብቶውን አወጣ፤ በጫፉ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ ባሌን አየው።

«ጊታር ስድስት ክር ነው። የእህቴ ልጅ ስላለው አውቃለሁ። ሁለቱን የት አደረስካቸው?»

የእኔ ባል ሁሉን የሚሞክር ሰው ነው፣ ውሸት ብቻ አይችልም። «ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ «ይሄ እኮ ቤዝ ነው።»

«የማን ቤዝ?»

ጉድ ፈላ። ጉግሳ ዕድሜ ልኩን የሰማው ቤዝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ድሮ አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር። አሁን እንግዲህ አስቡት፤ ስሙ ኃይለኪሮስ፣ የሚስቱ ስም ንግሥቲ፣ አገሩ ትግራይ፣ ሰሜኑ በጦርነት እየነደደ፣ ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቤዝ አለኝ ይላል። አንዱ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እኛን ለመሰለ ሰው አሻጥር የሚባለው ቃል መቀለጃ አልነበረም። ከሰፈራችን ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛ ተወስዶ፣ ስንቁን ይዛ የሄደች ሚስቱ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» የተባለችበትን ሰው አውቃለሁ።

«ቤዛ ማለቱ ነው፣ ጓድ» አልኩ። «ምላሱ ኮልታፋ ነው። ለአብዮቱ ቤዛ ትሁን፣ ውሰዷት ማለቱ ነው።»

ጉግሳ ፊቱ በራ። ቤዛ፣ ቤዛ እያለ ቃሉን አጣጣመው። ለአብዮቱ ቤዛ የሆነውን ጊታር ከበዓሉ በኋላ እንደሚመልስልን ቃል ገባ። ሁለቱ የጎደሉ ክሮች ግን እስከ ቅዳሜ ካልተሟሉ ጉዳዩ ወደ ከፍተኛ እንደሚተላለፍ ተናግሮ፣ ቤዟን እስከዚያው እኛ ዘንድ ትቶ ሲወጣ አልጋችንን ቆጠረ። አንድ ናት።

ቤዝ ላይ ሁለት ክር መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ኃይለኪሮስ ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ አንገቷ አይበቃም፣ ቅኝቷ ይበላሻል አለኝ። ይህንን ለጉግሳ ንገረው አልኩት። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የነበረው በድሮው ሥርዓት ነው፤ በአዲሱ ሊቀመንበሩም አይታረምም። ብስክሌት ከሚያድሰው ሰው ሁለት አሮጌ የፍሬን ሽቦ ለምኖ መጣ። እኔ ገላዋን ደግፌ ያዝኩለት፣ እሱ በመሰርሰሪያ ጭንቅላቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ አወጣ። እየበሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ሽቦዎቹን ከአራቱ ክሮች ጎንና ጎን ወጠራቸው። ድምፅ የላቸውም፤ ጣት ሲነካቸው ብቻ እንደ ዝንብ ዝዝ ይላሉ። ጨርሶ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም የአባቴ ዋንዛ ነውና ሆዴ ባባ። ግን ሞኝ ላለመምሰል ሽቦው ያምርባታል አልኩት።

ቅዳሜ ጉግሳ ቆጠረ። ስድስት። ደስ አለው። ከቀበሌው ሰው መጫወት የሚችል ስላልተገኘ ኃይለኪሮስ ራሱ ከጊታሩ ጋር ተመለመለ። እኔ በሴቶች ማኅበር በኩል ቀድሜ አዝማች ተቀባይ ሆኜ ስለነበር ሁሉን በዓይኔ አየሁ። በመጀመሪያው ልምምድ ባሌ እንደ ሆቴሉ ልማዱ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር ብሎ ሊያስጀምር ሲል ጉግሳ እጁን አነሳ። አንደኛ፣ ቋንቋው የኢምፔሪያሊስት ነው። ሁለተኛ፣ ክሩ ስድስት ሆኖ ሳለ ቆጠራው አራት ላይ የሚቆመው በምን ምክንያት ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መዝሙር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ተብሎ ይጀመር ጀመር። አዝመራ የሚባለው ከበሮ መቺ መጀመሪያ ሰሞን አራት ላይ እየገባ ብቻውን ይደበድብ ነበር፤ በኋላ ተማረ። ሰው የማይማረው ነገር የለም።

በበዓሉ የኪነት ውድድር አንደኛ ወጣን። ዳኞቹ ጊታሩን ትኩር ብለው ሲያዩ ነበር፤ ሳይቆጥሩ አልቀሩም። በማግስቱ ኃይለኪሮስ ቤዟን ሊያመጣ ቀበሌ ሄደ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ጊታሩ አንደኛ ስለወጣ የሕዝብ ንብረት ሆኗል ተብሎ መጋዘን ውስጥ ከስኳር ጆንያ ጋር ተቆልፎበታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሌን ባሌ ለማለት ይከብደኝ ጀመር። ሆቴል በሰው ጊታር ይጫወታል፣ እንደ ተቀጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ሰዎች የተሰበረ ቤዝ ይዘው ሲመጡ ጥግ ላይ ያስቀምጥና አይነካውም። ምሳ ሳቀርብለት ምግቡን ትቶ መጋረጃ የሰቀልኩበትን ቁም ሣጥን ያያል። ቤቱ ፀጥ አለ። ስረግማት የኖርኩት ጣውንቴ ናፈቀችኝ፤ ብታምኑም ባታምኑም ናፈቀችኝ። ውባንቺ እንኳ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብላ መጣች።

ይባስ ብሎ ጉግሳ አዲስ ወሬ አመጣ። ጊታሩ በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ ለከፍተኛው ኪነት በስጦታ ይሰጣል። ከፍተኛ የገባ ነገር እንደማይወጣ ልጅ አዋቂው ያውቃል፤ ሰውም ይሁን ጊታር። ኃይለኪሮስ ይህን ሲሰማ መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ከተተና ካርቶኑን በገመድ አሰረው። ይኼኔ ነው የደነገጥኩት።

በውይይት ክበብ እኔ እንቅልፌን ነበር የምጨርሰው። ዓይኔን ገልጬ መተኛት ችዬበታለሁ። በዚያ ሳምንት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝምና ጉግሳ ከመጽሔት ላይ የሚያነበውን ሰማሁት። አብዮታችን ሥር ነቀል ነው፤ ጥገናዊ ለውጥን ፈጽሞ አይቀበልም። ይህንን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ጥገናዊ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ጥገና። ጠገነ። የእኔ ባል ምንድን ነው ሥራው? እሾህን በእሾህ አልኩ በሆዴ።

እሑድ ስብሰባው ላይ ቤዟ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎላት ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። እኔ ነጠላዬ ሥር ሌላ ጊታር ይዣለሁ፤ ተራ ባለስድስት ክር፣ አንገቱ የተጣመመ፣ ዓመት ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ ገዢ ያጣ። ኃይለኪሮስ ምን ላደርግ እንደሆነ አያውቅም፤ ቢያውቅ ፊቱ ያጋልጠን ነበር። እጄን አወጣሁ፣ ተፈቀደልኝ፣ ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከፍተኛው እንዳይታዘበን ብዬ ነው» አልኩ። «ይኼ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጊታር የተጠገነ ነው። አራት የነበረው ተጠግኖ ነው ስድስት የሆነው። እርስዎ እንዳስተማሩን አብዮታችን ጥገናዊ ለውጥን አይቀበልም። ስለዚህ ከሥሩ ስድስት የሆነውን ይዘን መጥተናል።»

ጊታሩን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጉግሳ ምን ይበል? ጥገናው ይሻላል ካለ ራሱ ጥገናዊ ሊሆን ነው። ከኋላ በኩል ውባንቺ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ሌላውም የጨበጨበ እንዳያመልጠው ተከተለ። አንዱ ጥገናዊነት ይውደም ብሎ ግራ እጁን ሲያነሣ ሁላችንም አነሣን፣ ኃይለኪሮስም አብሮ። ጉግሳ እስክሪብቶውን አወጣና የእኔን ጊታር ቆጠረ። ስድስት፣ ያለምንም ጥገና። አንገቱ መጣመሙን አላየም፤ አንገት አይቆጠርማ።

«ይኼን ጥገናዊ ነገር ከቀበሌያችን አዳራሽ አውጡልን» አለ።

አወጣንለት። ኃይለኪሮስ ቤዟን አቅፎ ከፊቴ ከፊቴ ሲሮጥ፣ እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ስስቅ፣ ስስቅም እንባዬ ሲወርድ ቤት ደረስን።

በሩን ዘግቶ አልጋው ላይ አስተኛት። ፎጣዬን አምጥቶ ወለወላት፤ በል ይሁንልህ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በል እንግዲህ እነዚህን የፍሬን ሽቦዎች ፍታቸው አልኩት። አልፈታቸውም። እጁን ሽቦዎቹ ላይ አድርጎ ወደ በሩ አየ።

«ይቆዩ፣ ንግሥቲ። ማን መጥቶ እንደሚቆጥር ይታወቃል?»

ንድድ አለኝ። በጉግሳ ይሁን በእሱ እንጃ። ያሰረውን ካርቶን ፈትቼ ፒንሳ አወጣሁና ሁለቱንም ቀጭ፣ ቀጭ አደረግኳቸው። እሱ ልክ እንደተበሳችበት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ሽቦዎቹን ምድጃ ውስጥ ጣልኩና ተጫወት አልኩት። ከተጋባን ጀምሮ ተጫወት ብዬው አላውቅም፤ ተው ነበር የምለው። ቀስ ብሎ አነሣት፣ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ የድሮው ሰውዬ ሲመለስ አየሁት፤ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

እንደ ልማዱ ሊያስጀምር በእግሩ ወለሉን እየመታ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዱም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አምስት፣ ስድስት» አለ።

ራሱም ሰማው። ጣቱ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም አልሳቅንም። አጠገቡ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ።

«እንደገና ጀምር» አልኩት። «አራት ላይ ስትደርስ እነካሃለሁ።»