ወደ ግንቡ የተመለሱ ድንጋዮች

የልብስ ሰፊዋን የወንድም ልጅ የሰፈሩ ሰው «ቀለሜዋ» ይላታል፤ ፊደል ከቆጠረችበት ቀን ጀምሮ አንደኛ ከመውጣት ሌላ አታውቅምና። እናትና አባቷን በጨቅላነቷ ያጣችውን ይህችን ልጅ አክስቷ ያሳደገቻት ከፈረሰው ግንብ ሥር፣ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ መርፌዋን ተማምና ነው።

ቀለሜዋ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በዚያው ግንብ ታሪክ ላይ ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አንድ መስፍን ገበሬውን በግዴታ ድንጋይ አሸክሞ አሠራው። ዘሩ ሲጠፋ የተሸካሚዎቹ የልጅ ልጆች ድንጋዩን እየነቀሉ አወረዱት፤ ቤትም ሠሩበት። ጠላት የሚባል ግንቡ ደጃፍ ደርሶ አያውቅም። ልጅቱ የቤቶቹ ድንጋይ ከግንቡ የወረደ መሆኑን ለማረጋገጥ የአክስቷን ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ በጠመኔ ስትቆጥር፣ መሰላሉን የያዘችላት ራሷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

«እቴቴ፣ ይቺ የበሩ ቅስት ቁራጭ ናት። አጠራረቧን ተመልከቺ።»

«እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ድስት ሳስደግፍባት» አለች አክስትየው እየሳቀች።

ጽሑፉ ከፍተኛውን ማዕረግ አገኘ። የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ ልጅቱን ቀጠራት፤ ግንቡም እንዲጠገን ተወሰነ። ለጥገናው የጥንቱ ድንጋይ ያስፈልግ ነበር፤ የት እንዳለ ደግሞ በጽሑፏ ውስጥ ከነቁጥሩ ሰፍሯል።

ቤቱ እንዲፈርስ የሚያዘውን ደብዳቤ ይዛ የመጣችው ቀለሜዋ ናት።

«በገዛ እጄ መሰላል ይዤልሽ ቤቴን ቆጠርሽብኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምትክ ይሰጥሻል፣ እቴቴ። ታሪኩም በትክክል ይነገራል፤ እነማን እንደተሸከሙት፣ እነማን እንዳወረዱት፣ ከማን ቤት እንደተመለሰ። ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። የተማርኩትስ ለምን ሆነና?»

ልብስ ሰፊዋን የረታት የምትኩ ነገር አልነበረም። ያ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ጀርባው የተላጠ ሰው አንድ ቀን ስሙ በአደባባይ ይነሣል መባሉ ግን አንጀቷን በላው። ፈረመች።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሰጧት። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ጎረቤቱን አስቆጣ፤ ደንበኞቿም ደረጃው ሲያደክማቸው አንድ በአንድ ቀሩ። ሁሉንም ዋጥ አድርጋ የግንቡን መከፈት ጠበቀች።

በተከፈተ በሳምንቱ እንደማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጣ ገባች። ቀለሜዋ ሰዎች አስከትላ ታስረዳለች። ከቅስቱ ሥር ስትደርስ ጥላሸት የለበሱትን ድንጋዮች አመለከተች።

«ይህ ጥቁረት ጠላት ግንቡን በከበበ ጊዜ የለኮሰው እሳት ምልክት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ያንን ጥላሸት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ራሷ ናት። ልጅቱ በሰው መሐል አየቻትና ንግግሯን ገታች። አክስትየው ጠበቀች። ልጅቱ ግን ዓይኗን መለሰችና ስለ መስፍኑ ጀግንነት ቀጠለች።

«የማድ ቤቴ ጭስ ነው እኮ፣ ልጄ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጎብኚዎቹ ሳቁ። «ተዋናይም ቀጥረዋል ለካ» አለ አንድ ቦርጫም ሰው። «እማማ፣ እስቲ ወደ ድንጋዩ ጠጋ ይበሉልኝ።» ፎቶ አነሣት።

ቀለሜዋ ክንዷን ይዛ ጥግ አስያዘቻት። «እኔ የምለው ጽፈው የሰጡኝን ነው። አለቃዬ የገዛ ሕዝባችን አፈረሰው ብለን ለእንግዳ አንናገርም አለ። ትንሽ ታገሺኝ፣ በሚመጣው ዓመት ይስተካከላል።»

«እኔ ቤቴን የሰጠሁት ለአለቃሽ አይደለም፤ ለቃልሽ ነው።»

ይህን ጊዜ ከኋላቸው አንዲት ጎብኚ ከበባው ስንት ቀን እንደፈጀ ጠየቀች።

«አርባ ቀን» አለች ቀለሜዋ፣ ፈጥና ዞር ብላ።

ይህን ማንም ጽፎ አልሰጣትም። ልጅቱ ጽሑፏን ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ ስታነብላት አክስቷ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ሰምታ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን አስለቅቃ ወደ መውጫው አመራች፤ ልጅቱም ጎብኚዎቹን ሰብስባ፣ በዚያ አርባ ቀን ውስጥ የሆነውን በሚያምር ድምፅ መተረክ ጀመረች።